ከግራና ከቀኝ ሁለት ጣት

ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ልብ የሚዘጋጅባቸው ናቸው ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ግን ከልቧ በቀር ያላዘጋጀችው ነገር አልነበረም። መጋረጃ አጥባለች፣ ወለል ወልውላለች፣ ጠዋትና ማታ ተንበርክካ ጸልያለች። የመዘምራኑንም ቀሚሶች ሰፍታ ሰቅላለች። የቀረው የታናሽ እህቷ ቀሚስ ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ እጇ አልሄድ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልደት ዋዜማ መዘምራኑ ሁሉ ዝም ብለው አንዲት ሴት ብቻዋን የምትዘምረው መዝሙር አለ። ለዓመታት ያቺ ሴት ሰፊዋ ነበረች። ዘንድሮ የመዘምራኑ መሪ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አንቺማ ብዙ አገለገልሽ፤ እስቲ ትንሿ ትሞክረው» አላት። ትንሿ ማለት ሰፊዋ አዝላ ያሳደገቻት፣ ዜማ ያስያዘቻት የእናቷ ልጅ ናት። ሰፊዋ ከአንገት በላይ ሳቀችና «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ሳመቻት። ቤቷ ስትገባ እርር ድብን አለች። ባዕድ ብትሆን እኮ ይሻል ነበር፤ ባዕድን ቢያንስ ለእህት ያሟታል።

ልደት እስኪደርስ በየእሁዱ አንድ አንድ ከሚለኮሱት ሻማዎች ሦስተኛው የተለኮሰ ዕለት ሰባኪው፣ «ለሚመጣው ጌታ በልባችሁ ቦታ ልቀቁ» አለ። ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ስብከቱ ከፊቷ ለተቀመጠችው ጎረቤቷ በልክ የተሰፋ መስሏት አዘነችላት። ከዚያ ዓይኗ መዘምራኑ መሃል በቆመችው እህቷ ላይ አረፈና ከጸሎቱ አንዲት ቃል ሳትሰማ ቀረች።

በማግስቱ ጨርቁን ዘረጋች። የዘማሪ ቀሚስ ሲሰፋ ጎድኑ ላይ ለትንፋሽ ተብሎ ሰፋ ይደረጋል፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰውና ደረቱን ሞልቶ የሚዘምር ሰው ልካቸው አንድ አይደለም። ሰፊዋ ስፌቱንም መዝሙሩንም ታውቃለች። መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ዜማ ጎድን ካልተከፈተ እንደሚቆረጥም አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ጣት አስገብታ ሰፋችው። «ቀጭን ናት፤ ያምርባታል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ትንሿ ስትለካው በግድ ገባላት። «ወፍሬያለሁ ማለት ነው እትዬ» አለች አፍራ። «አንቺ ልክ ተሳስተሽ አታውቂም።»

ሰፊዋ ዝም አለች። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ልደት ሲቃረብ ትንሿ ዘርፉን ልታሳጥር ተመልሳ መጣች። ጉንጯ ጎድጉዷል። ቀሚሱን ለብሳ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመችና መዝሙሩን ጀመረች። እስከ ረጅሙ ዜማ አማረ፤ እዚያ ሲደርስ ድምጿ ተቆረጠ። ደገመችው፤ ደግሞ ተቆረጠ። ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«እራት ትቼ፣ ቁርስ ትቼ እንኳ አልሆነልኝም! ይሄ መዝሙር ያንቺ ነው እትዬ። አሁኑኑ ሄጄ ለመሪው እነግረዋለሁ፤ አንቺው ዘምሪው።»

ሰፊዋ ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ነገር በእግሩ መጣላት። «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ትንሿ ልትነሳ ስትል ራሷን አዞራትና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ቁጭ በይ» አለቻትና መቀሷን አነሳች። «ክንድሽን አንሺ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አልወፈርሽም። እኔ ነኝ ያጠበብኩት። አውቄ ነው። ቀናሁብሽ፤ ተቃጠልኩ።» ስፌቱን ከብብት እስከ ወገብ ተረተረችው።

ትንሿ ጎኗን ዳሰሰች። ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ፊቷ በንዴት ቀላ። ሰፊዋ ጥፊም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅታ ቆመች።

«የሚበላ አለ?» አለች ትንሿ።

ሰፊዋ ዳቦና ወጥ አቀረበችላትና ሌላኛውን ጎን መፍታት ቀጠለች። ትንሿ ብዙ ከጎረሰች በኋላ ቀና አለች።

«ከእንግዲህ ስትቀኚብኝ ንገሪኝ። በባዶ ሆዴ ራሴን እንድጠላ አታድርጊኝ።»

«አሁንም እየቀናሁብሽ ነው» አለች ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«እሺ» አለች ትንሿ። «ዳቦ ጨምሪልኝ።»