የተነቀሉት እንጨቶች

አይሊ በረዶው ከተሰበረው ሐይቅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በበረዶው ጎጆ ላይ አንድም እንጨት አልነበረም።

ባልዲዋን አስቀምጣ ዙሪያውን አየች። እንጨቶቹን ራሷ ነበረች የሰካቻቸው። የወጣት ቡድኑ በበረዶ ጫማ ጥዱ መሃል እንደደረሰ ትልልቆቹ በረዶ ቆለሉ፤ ክምሩ እስኪጠነክርም ጠበቁ። ከዚያ አይሊ ከስንዝር ጥቂት የሚበልጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን እኩል ቆርጣ ከውጭ ጫፋቸው ብቻ እስኪቀር ቀበረቻቸው። ክምሩን ጎጆ ለማድረግ ከውስጥ የሚቦረቡረው ሰው የእንጨት ጫፍ ሲያገኝ አካፋውን ያቆማል። ካላቆመ ግድግዳው ይሳሳል፤ ጣራውም በተኛው ላይ ይወርዳል። በሰሜን ሚሺጋን ያደገ ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል።

«እንጨቶቹን ማን ነቀላቸው?»

«እኔ» አሉ የቡድኑ መሪ ሚስተር ኮስኪ፣ ስልካቸውን ወደ ጎጆው እንደደገኑ። «ጃርት አስመሰሉት እኮ! ለወላጆች የሚላክ ፎቶ ነው። ለእሳቱ ጥሩ ማቀጣጠያ ሆኑ።»

ከመግቢያው ቀዳዳ የአይሊ ታናሽ እህት ሲግኔ ፀጉሯ በረዶ እንደሞላ በሆዷ እየተሳበች ወጣች።

«አይሊ፣ ነይ እዪው! እየቦረቦርን አሰፋነው፤ አሁን ቆሜ እንኳ ጣራው አይነካኝም!»

ሲግኔና ሁለት ጓደኞቿ ዛሬ የሚያድሩት እዚያ ውስጥ ነበር። አይሊ ወደ መግቢያው ተጠጋች።

«እዚህ ውስጥ ማንም አያድርም።»

«ኧረ በስማም! መሐንዲሷ መጣች» አሉ ሚስተር ኮስኪ። ልጆቹ ሳቁ። «ስሚ የኔ እመቤት፣ እኔ ይህን ቡድን መምራት ስጀምር አንቺ ጡት አልጣልሽም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይደሩበት።»

«እኔማ ወገቤን ያመኛል።»

አይሊ የግንባር መብራቷን አብርታ ወደ ውስጥ ተሳበች። ጀንበሯ ጠልቃ ድንግዝግዝ ማለት ጀምሮ ነበር። ከውስጥ ሆና ጣራውን በጣቷ እየዳሰሰች መብራቱን ቀስ ብላ አዞረችው።

«ብርሃኑ ይታያችኋል?» ብላ ጮኸች።

«አዎ! በዚህ በኩል ቢጫ ሆነ! ጣትሽም ይታያል!» አለች ሲግኔ።

ጣቷ የታየበት ቦታ ከአንድ መጽሐፍ የማይወፍር ነበር ማለት ነው። በሌላው ጎን ደግሞ ምንም ብርሃን አላለፈም፤ እዚያ ግድግዳው ወፍራም ነበር፤ ክብደቱን የሚሸከምለት ግን አልነበረም። አይሊ ቶሎ ብላ ልትወጣ ስትል የሚስተር ኮስኪን ድምፅ ሰማች።

«እንዴት ያምራል! እንዳትወጪ፣ እንዳትነቃነቂ፤ አንድ ላንሳ!»

አይሊ ወጣች። ፊቷ በብርዱ ሳይሆን በንዴት ቀልቶ ነበር።

«ሁላችሁም ራቁ። ሲግኔ፣ ራቂ ብያለሁ!»

የራሷን ቦርሳ በሁለት እጇ አንስታ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ቢጫ ሆኖ በታየው ጎን ላይ ወረወረችው። ቦርሳው አንድ አፍታ ጣራው ላይ የተቀመጠ መሰለ፤ ከዚያ ሰመጠ። ወፍራሙም ጎን ተከትሎት ተናደ። ድምፁ ዱብ ብሎ ቀረ።

«ጎጆዬን!» ብላ ሲግኔ ማልቀስ ጀመረች።

«ሆን ብለሽ ነው!» አሉ ሚስተር ኮስኪ። «ልጆቹን አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂ!»

«ሆን ብዬ ነው። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። እርስዎ ያየነውን ሁሉ አይተው ፎቶ አነሱ!»

«ለእናትሽ እነግራታለሁ። በሚቀጥለው ክረምት ከእኛ ጋር አትመጪም።»

«ይንገሯት። ምን እንደነቀሉም ጨምረው ይንገሯት።»

ሲግኔ እንባዋን በጓንቷ እየጠረገች ወደ ፍርስራሹ ሮጠች። አይሊ ላይ ልትወረውር ከወፍራሙ ጎን የወደቀ አንድ የበረዶ ቋጥኝ ይዛ ጎተተች። አልተነሳላትም። ጓደኛዋን ጠራች፤ ሁለቱ አንድ ላይ ጎተቱ፤ ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሲግኔ እጇን ለቀቀች። ቋጥኙን አየች፤ መኝታዋን ልታነጥፍበት የነበረውን ቦታም አየች።

«ከባድ ነው» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

ሚስተር ኮስኪ አሁንም እየተናገሩ ነበር። የሚሰማቸው ግን አልነበረም።