ከየትኛው ጋራ

ኤውል ጫካው መሃል ደርሳ ቀና ስትል ዛፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው፣ በቅጠሉ እቅፍ የዝናብ ውሃ የሚያቁረው ቀይ አበባ አንድ እንኳ አልተረፈም። የቅዱሱ በዓል ነገ መሆኑን ታውቃለች፤ የመንደሩ ወንዶች ለማስጌጫ አበባ ፍለጋ እዚህ ድረስ ይወጣሉ ብላ ግን አላሰበችም።

የምትፈልጋት ሳላማንደር ቤት ያ አበባ ነው። እንሽላሊት ትመስላለች፤ ቆዳዋ ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብ ነው፣ የምትተነፍሰውም በእሱ ነው። ማዶ፣ ቶናን ጋራ ላይ ያለችው ድሮ በተመራማሪዎች ስም ወጥቶላታል። ኤውል እዚህ ያሽካቅ ጋራ ላይ በስልኳ ያነሳቻት ግን ጅራቷ ቀይ፣ ጣቶቿም እስከ ጫፋቸው በቆዳ የተያያዙ ናቸው። የእንስሳት ተመራማሪዋ ዶክተር ኢርማ ፎቶውን አይታ፣ «ሌላ ዘር ሳትሆን አትቀርም። በፎቶ ግን ስም አይወጣም፤ አንዷን ከነዛፏ አግኚልኝ» ብላታለች። ከተገኘች ያሽካቅን ሊመነጥር ፈቃድ የጠየቀው እንጨት ነጋዴ ይከለከላል። ካልተገኘች ከበዓሉ ማግስት መጋዙ ይነሳል።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ወንዶቹ አበባውን ለበዓሉ በቆመው የእንጨት ቅስት ላይ እያሰሩ ነበር።

«መጣችላችሁ!» አለ የአክስቷ ልጅ መኬል ከመሰላሉ ላይ። «እኩዮቿ ባል ይፈልጋሉ፣ እሷ ጭራ ያላት እንቁራሪት ትፈልጋለች።»

«አንተን ሳይ ባለ ጭራው ሳይሻል አይቀርም ብዬ ነው።»

ሳቁባት፣ ሳቁበትም። እሷ ግን ክምሩ ላይ ተንበርክካ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ጀመረች። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ፈለገች። በመጨረሻ ከአንዱ አበባ ሥር ቀይ ጅራት ተጥመለመለ። መዳፏ ላይ አድርጋ የእንስሳዋን ጣቶች አየች፤ በቆዳ ተያይዘዋል።

«ይኼ አበባ ከየትኛው ጋራ ነው የመጣው?» ብላ ጮኸች።

እዚህ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የያሽካቅና የቶናን መንደሮች የለቀሙትን አበባ አንድ ሰሌን ላይ ያፈሱታል፤ አሮጊቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ያማስሉታል። ቅዱሱ የእኛን ጋራ ለበሰ ብሎ የሚኮራ እንዳይኖር ነው። በአያቷ ዘመን በዚህ ነገር ገጀራ ተማዘዋል።

«የእኛ ናት!» አለ መኬል። «ቶናን እንደሆነ ደርቋል።»

«ማን ነው የደረቀው?» አለ አንድ የማዶ ሰው። «ከምላስህ ሌላ ምን እርጥብ ነገር አላችሁና!»

የቅዱሱ ማኅበር አለቃ አባባ ሉዊን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «በቃ! የተቀላቀለ የቅዱሱ ነው። ከየት መጣ አይባልም።»

«አባባ፣ ጋራው ሊመነጠር ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» ድምፃቸው ወረደ። «ከያሽካቅ ነው ብዬ ብምልልሽ ደስ ባለኝ። ግን አላውቅም።»

ኤውል ለዶክተር ኢርማ ደወለች።

«አገኘኋት፣ ዶክተር!»

«ጎበዝ! ከየትኛው ዛፍ ላይ?»

ኤውል ለአባባ ሉዊን ጀርባዋን ሰጠች። «ከያሽካቅ።»

«ዛፉ ላይ በዓይንሽ አየሻት?»

ከእንጨት የተሠራው የበዓሉ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ማሪምባው፣ ለልምምድ መመታት ጀመረ። ዶክተሯ ሰማች። «ቅስት ሥር ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ኤውልዬ፣ ቶናን ላይም እንዲህ ያለች ብትኖርስ? ያኔ መልኳ የተለያየ አንድ ዘር ናት ይሉኛል። የት እንደምትኖር ካላወቅን ይቺ እንስሳ ምንም አትመሰክርልንም። ተመልሰሽ ዛፉ ላይ ፈልጊ።»

«ዛፉ ላይ ምን ቀረና?»

ስልኩን ዘጋችው።

ኤውል ሳላማንደሯን መልሳ አበባው ውስጥ አኖረቻትና ደጃፉ ላይ ካለው በርሜል በእፍኟ ውሃ ቀድታ አፈሰሰችላት። የእጅ ሙቀት እንደሚጎዳት ታውቃለች። ወደ ጫካ ልትመልሳት ፈለገች፤ ወደ የትኛው? ፀሐዩ ደጃፉን ሞልቶታል።

መኬል ከመሰላሉ ወረደ። ምንም ሳይቀልድ ባርኔጣውን አውልቆ አበባው ላይ ጥላ አደረገላት።

«እንዲህ ይሻላታል?»

«እኔ እንጃ» አለች ኤውል።