የጥንቸሏ መለያ

ሰፈሩ «ባለአሻንጉሊቱ» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ የጨርቅ ድብ ገልብጦ መቀመጫውን ሲመረምር የሚውል ጎልማሳ ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? ሚስትና ባል ሆነው አሮጌ አሻንጉሊት ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። የአሻንጉሊት ዕድሜ ፊቱ ላይ አይነበብም፤ ስፌቱ ውስጥ የተያዘችው ትንሽ የፋብሪካ መለያ ጨርቅ ናት የምታጋልጠው። ጽሑፏ ጥቁር ከሆነ የድሮ ነው፤ ቀይ ከሆነ ፋብሪካው ቀለም ከቀየረ በኋላ የተሠራ።

ይህን ለሚስቱ ያስተማራት እሱ ነው። ምነው ያኔ ምላሱን በያዘው። አንዲቷ ልጃቸው ከሞተች በኋላ ሴትዮዋ ከአልጋ አልነሳ ብላ ነበርና፣ እጇ ሥራ ይልመድ ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት። ዛሬ ዓይኗ ከእሱ ይበልጣል።

ጉዱን ደግሞ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጅቷ እስከ መጨረሻዋ ያቀፈቻትን የጨርቅ ጥንቸል፣ በሞተች ሰሞን ቤት ሲቀይሩ ታክሲ ውስጥ ረስቷታል። ቢጨንቀው ቁርጥ እሷን የምትመስል ገዛ፤ ወለል ላይ አሻት፣ ደጋግሞ አጠባት፣ ሚስቱ ትራስ ላይ አስቀመጣት። ሚስቱ አቅፋት አለቀሰች፤ እሱም አብሮ አለቀሰ። የድሮዋ መለያ ጥቁር ነበር፤ የአዲሷ ግን ቀይ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ደንበኛ እንደዚያችው ያለች ጥንቸል ይዛ ሱቃቸው መጣች። ሚስቱም ቀና ብላ ባሏን እያየች፣ «እቤት አንድ አለችን፣ እህቴ። ነገ አመጣትና መለያቸውን እናስተያያለን» አለቻት።

ባልየው ክው አለ። ዕቃ ረሳሁ ብሎ እቤት በረረ፤ መቀስ አንስቶ ጥንቸሏን ገለበጠ። መለያ የለም። ከሥሩ፣ ክሩ እንኳ ሳይቀር ተለቅሞ ወጥቷል።

«እኔ ነኝ የቆረጥኳት» አለች ሚስቱ ከበሩ። ተከትላው መጥታለች። «ቀለሙን ያስተማርከኝ ሳምንት፣ ቀይ ሆና ሳገኛት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ራስህ እንድትነግረኝ ነዋ። ዕቃ ይጠፋል፤ ሰው ነህ፣ ትረሳለህ። ያቃጠለኝ አጠገቤ ተኝተህ የውሸት ጥንቸል ስስም ዝም ብለህ ማየትህ ነው። አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ኖርኩ። የዛሬውንም ለደንበኛዋ ያልኩት አንተ እንድትሰማ ነበር። ብትናገር ይቅር እልህ ነበር። አንተ መቀስ ይዘህ መጣህ።»

ሚስቱን በስሟ ጠራት። ጥንቸሏን ከእጁ ወስዳ ወደ ሱቅ ተመለሰች፤ ከሚሸጡት ጋር ደረደረቻት።