በታዘበው አንገት ላይ የተገኘችው ምስር

ታዘበው ጥሩምባ ሲነፋ ሬሳው ራሱ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ቀና ይላል እየተባለ ይወራ ነበር። ጥሩምባውን አውርዶ የሟቹን ስም ሲጠራማ ርቆ የጁቤ ያለ ገበሬ እንኳ ሞፈሩን ጥሎ ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ሃያ ሁለት ዓመት የቢቸና እድር ለፋፊ ሆኖ የኖረው ይህ ሰው፣ በ2008 ዓመተ ምሕረት ምስር የምታህል ነገር አንገቱ ውስጥ ተገኘችበትና ሳይሞት ተቀበረ።

የሄደው ለሌላ ነገር ነበር። ከበቅሎ ወድቆ አንገቱ አልዞር ቢለው ሞጣ አንድ የግል ክሊኒክ ገባ። አልትራሳውንዱ በዚያው ሰሞን የመጣ ነውና አንገት ያለው ፍጡር ሁሉ ሳይታይ አይወጣም፤ በቅሎዋ ብትገባ እሷም ትታይ ነበር። አዩት። ከምስሯ በመርፌ ቀድተው ናሙናውን አዲስ አበባ ላኩ። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ መጣ፦ ካንሰር። «የእንቅርት ዕጢህ በሙሉ ይወጣል፤ ባሕር ዳር ቀጠሮ ተይዞልሃል» አሉት። አልዞር ያለውን አንገቱን ግን የጠየቀው የለም። እሱማ በቅቤ ታሽቶ በሦስተኛው ቀን ለቆት ነበር።

ቢቸና ሲገባ ወሬው ቀድሞታል። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ኪዳን አገር የሚያህል ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«ታዘበው ወንድሜ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሁሉም ስትለፍፍ ኖረሃል። ላንተስ ማን ይለፍፍ ብለን ተጨንቀን ወጣቱን ሰማውን መርጠናል።»

«ሰማውን?»

«ከወዲሁ እንዲለማመድ ብለን ነው።»

«በኔ ነው የሚለማመደው?»

ማንም አልሳቀም። ጥሩምባውን ከምስማሩ አውርደው ሲወስዱ የታዘበው ደም ከተረከዙ ተነስቶ ጆሮው ላይ ፈላ።

«ካንሰሩስ ምንም አላለኝም» አላቸው። «የገደላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ከሰው ሁሉ «ሌላ ሐኪም አሳይ» ያለው የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ አብዱልዋሂድ ብቻ ነው። የወንድሙ ልጅ ሲሃም እዚያው ሞጣ ሐኪም ናት። ታዘበው ሚስቱን ፈንታነሽን ይዞ ሄደ። ዶክተር ሲሃም ወረቀቱን ሁለቴ አነበበች፤ አንገቱንም እንደገና አየች።

«ጋሼ፣ ስድስት ሚሊሜትር ናት። ከዕጢው አልወጣችም፤ የትም አልሄደችም። እንዲህ ያለችውን ሳያውቋት ይዘዋት አርጅተው በሌላ ነገር የሚሞቱ ብዙ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ፈለጓት?»

«መፈለግ አልነበረባቸውም።»

ታዘበው ይህን ሲሰማ ከመረጋጋት ይልቅ ባሰበት። «ካንሰር አይደለችም በይኛ።»

«ካንሰር ናት፤ አልዋሽዎትም። ግን ምርጫ አለዎት። ግማሹን ወይም ሙሉውን ዕጢ ማውጣት ይቻላል። ሙሉው ከወጣ ዕድሜ ልክ ኪኒን አለ። የድምፅ ነርቭም አጠገቡ ነው የሚያልፈው። ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ከተነካ ግን ድምፅ ይሻክራል። አለበለዚያ በየስድስት ወሩ እናያታለን። ካደገች ያኔ እናወጣታለን።»

«እባብ ቤት ገብቶ እስኪያድግ እንየው ይባላል?» አለች ፈንታነሽ።

«ይችኛዋ አብዛኛውን ጊዜ አታድግም፣ እትዬ። ብታድግም ደርሰን እንይዛታለን።»

ፈንታነሽ አልተዋጠላትም። እስከ ቢቸና አውቶቡስ ላይ መንገዱን ሙሉ አስጨነቀችው። «ሰኞ ባሕር ዳር ትሄዳለህ። ድምፅ ይቅርብህ፤ እኔ ባሌን ነው የምፈልገው።» ታዘበው አፉን ቢከፍት የአውቶቡሱ መስታወት ይረግፍ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ አየሁሽ አረፉ። በሰፈሩ የማንም ቀብር ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሰማው ጥሩምባውን ነፋ፤ የታነቀች ዶሮ ድምፅ ወጣው። ስማቸውን ሲጠራም ድምፁ ከአጥሩ አላለፈም። ታዘበው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከታችኛው ሰፈር አንድ ሰው ብቅ አላለም። የአየሁሽ ልጆች ባዶውን መንገድ ሲያዩ አያቸውና ጋቢውን ጎትቶ ወጣ።

«አምጣ» አለው ሰማውን።

«ጋሼ፣ ታመዋል እኮ።»

«አምጣ አልኩህ።»

ነፋው። የዋርካው ወፍ በሙሉ ተነስቶ ሰማዩን አጠቆረው፤ እስከ ሉማሜ ድረስ ሕፃናት አለቀሱ። «እትዬ አየሁሽ አርፈዋል። ቀባሪ ሆነው የኖሩ ሴት ቀባሪ አይጡ፤ ውጡ።» ትንፋሹን ሳበና ጨመረ፦ «ታዘበው ደግሞ አልሞተም። ሊለማመድበት የፈለገ ሌላ ሬሳ ይፈልግ።»

አገሩ ጎረፈ። አቶ ገብረ ኪዳን እጃቸውን ለሰላምታ ቢዘረጉ አልፏቸው ሄደ፤ እስከ ፋሲካ ድረስም አልጨበጣቸውም።

ከቀብር ሲመለስ ፈንታነሽ የባሕር ዳሩን የቀጠሮ ወረቀት ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይህን ድምፅ ረስቼው ነበር» አለች። «ሰኞ ይቅር፤ ግንቦት ላይ ስድስት ወሯ ይሞላል። ያን ዕለት ጎትቼ ሞጣ እወስድሃለሁ። ካደገች ግን ድምፄ ምናምን ብትለኝ አልሰማህም።»

«ውሰጂኝ» አላት፤ ንዴቱ ገና አልበረደም። ጥሩምባውንም መልሶ በምስማሩ ላይ ሰቀለው።