ከግንቡ ጀርባ የሚጠበቅ አውቶቡስ

እኛ ቆዳ አልፊዎች አውቶቡስ የምንጠብቀው ከፌርማታው አጠገብ ካለው ግንብ ጀርባ ነው። ማንም እዚያ ሂዱ ብሎን አያውቅም። ስንጠጋ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ከዚያም ጨምሮ ፈቀቅ ይላል። ሌላውን ከማስቸገር ብለን እኛው ሄድን። የኖራና የእርጥብ ቆዳ ሽታ በሳሙና አይለቅም። ሾፌሩ ይህን ስለሚያውቅ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ እኛም ወጥተን በኋላው በር እንገባለን። ልጆች ጋሽ ጡሩንባ ይሉታል።

እናቴ ዘመኗን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ቆዳ ስታጥብ እግሯ አብጦ ቆስሏል። ቁስሉን የምታስጠርገው ጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ አውቶቡሱ ጉዞውን የሚጨርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ ፌርማታው ሊነሳ ነው የሚለውን ማስታወቂያ ከግንቡ ላይ ሳነብላት እግሯን አየች።

«የሚቀጥለው ፌርማታ የት ነው?» አለችኝ።

«ዳገቱ ጫፍ ላይ።»

«እኔና ያ ዳገት ደህና እግር እያለኝም አልተስማማን።»

ማስታወቂያው አስተያየት ያለው ነዋሪ ወደ አዳራሹ ይምጣ ይል ነበር። እናቴ፣ እኔና የማልፊያ ቤታችን አለቃ ሄድን። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ እኛ ግን ነፋስ እንዲኖር በሩ ጋ ቆምን። ከመንገድ ቢሮ የመጣው ባለሙያ ገና ወጣት፣ ትሁት ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ ፎቶ አሳየን። የእኛ ፌርማታ ነው፤ ጠዋት የተነሳ፣ ቀትር ላይ የተነሳ፣ ወደ ማታ የተነሳ። የፌርማታው ምሰሶ አለ፣ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ሰው አለ።

«እንደምታዩት ተጠቃሚ የለውም» አለ። «የዚያ ሰፈር ሰው ካለ ይናገር።»

አለቃችን ኮፍያውን አወለቀ። «ስለጠራችሁን እናመሰግናለን» አለና መልሶ አደረገ። ሰው ካከበረው በኋላ ቅሬታ ማሰማት አይሆንለትም። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አንተ ተናገር እንጂ። ፊደል የቆጠርከው አንተ ነህ» ብላ አንሾካሾከች።

 መናገር ማለት ለምን ከግንብ ጀርባ እንደምንቆም ለዚያ ሁሉ ሰው ማስረዳት ነው።

«እንጠቀምበታለን» አልኩ።

«መቼ?» አለ ባለሙያው።

«ሁልጊዜ።»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያው አልሳቀም። «እንግዲያው ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ መጥቼ አያለሁ» አለ።

ስንመለስ እናቴ፣ «ሰኞ ሁላችንም ምሰሶው ሥር እንቆማለን» አለች። አለቃው ጫማውን እያየ «እንቆማለን» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ከግንቡ ጀርባ ነበርን።

«በሉ እንውጣ» ትላለች እናቴ።

«እስቲ ሰው ትንሽ ይቅለል» ይላል አለቃው።

«እኔ ከወጣሁማ ምሰሶውም ፈቀቅ ይላል» አለ ቆዳ ወጣሪው። ሳቅን፤ ግን አልወጣንም። በግንቡ ስንጥቅ ሳይ ባለሙያው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ምሰሶው ሥር ያሉት መሀረብ የያዙ አንዲት ሴትዮ ብቻ ናቸው። ሰዓቱን አየ። ሊሄድ ነው ስል አውቶቡሱ መጣና ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ያን ድምፅ ስንሰማ እግራችን እኛን አይጠይቅም። ግልብጥ ብለን ወጣን።

ባለሙያው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«የት ነበራችሁ?»

«እዚያ» አለች እናቴ።

«ለምን እዚያ?»

ሴትዮዋ መሀረቡን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ወደ መሬት አቀረቀሩ። እናቴ አየቻቸው።

«ጥላ አለው፣ ልጄ። እዚያ ጥላው ይሻላል» አለች።

እኔ ልናገር ነበር። ረዳቱ «ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ» አለና ገባን።

«ለምን እውነቱን አልነገርሽውም፣ እማዬ?» አልኳት ከተቀመጥን በኋላ።

«ሴትዮዋን ሰው ፊት ላሳፍራት?»

«እሳቸው አንቺን ሲያሳፍሩሽ ግን...»

«ተዋት። ፌርማታው አይነሳም፤ ታያለህ።»

እውነትም አልተነሳም። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞች መጥተው ከግንቡ ጀርባ የቆርቆሮ ጣራና ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠሩ። በነዋሪዎች ጥያቄ የተሠራ የሚል ሰሌዳም ሰቀሉ። አለቃችን ባለሙያውን መርቆ አልጠገበም። እናቴ አግዳሚው ላይ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ ፊቷ ይፈታል፤ ይህን አልክድም።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ሄጄ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። እኚያው ሴትዮ እዚያ ነበሩ። ዛሬ አፍንጫቸውን አልያዙም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉልኝ።

«ወንድሜ፣ የእናንተ እኮ እዚያ ተሠርቶላችኋል» አሉኝ።

ድሮ ማንም እዚያ ሂዱ ብሎን አያውቅም ነበር።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኩ።  ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅኩም።

«ና እንጂ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ» አለች እናቴ ከግንቡ ወዲያ።

«እዚህ ይሻለኛል፣ እማዬ።»

ሴትዮዋ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ከዚያም ጨምረው ፈቀቅ አሉ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እናቴ እያነከሰች ወጣች። አየችኝ፣ ክንዴን ያዘች፣ «ፀሐይ መታህ እኮ» አለች። የፊቱ በር አጠገባችን ተከፍቶ ነበር። እሷ ግን እንደ ልማዷ ወደ ኋላው በር አመራች፤ ክንዴን ስላልለቀቀች እኔም ተከተልኳት።