ጨው ጨው የምትለው ጽላት

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የዋሸሁት፤ እሱንም አበላሸሁት።

ኻለፍ ከጥንት ፍርስራሽ አጠገብ ያለችው የሸርቃጥ ከተማ ሰው ነበር። ሸርቃጦች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቆፋሪዎች ናቸው፤ የጭቃ ግንብን ከተራ አፈር በዶማው ድምፅ ብቻ ይለያሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ እሱ የጥንት ጽሑፍ ያለባቸውን የጭቃ ጽላቶች ከመሬት ያወጣል፣ እኔ አነባለሁ። አገራችን ላይ ማዕቀብ ተጣለና ቁፋሮው ቆመ። እኔ ሙዚየም ውስጥ ወንበር አገኘሁ፤ እሱ ባዶ እጁን አገሩ ገባ።

አንድ ጠዋት ፖሊሶች መዳፍ የምታህል የጭቃ ጽላት አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ኬላ ላይ ከአንድ ሽማግሌ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ነው የተገኘችው። እውነተኛ ናት ወይስ ሐሰተኛ? ዕድሜዋስ ስንት ነው? የተከሳሹን ስም አነበብኩ፤ ኻለፍ ነው። ያን ጊዜ እውነተኛ ቅርስ ሲሸጥ የተያዘ የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ ነበር። ሐሰተኛ የሸጠ ግን አታላይ ተብሎ ጥቂት ወር ታስሮ ይወጣል።

በማግሥቱ ሚስቱ ኡም ሙጥላቅ ቢሮዬ ድረስ መጣች።

«ወንድሜ፣ ቤታችን ሩዝ በልተህ የለም እንዴ?»

«በልቻለሁ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ተራ ጭቃ ናት በላቸው። ጭቃ አይደለች? ለልጁ የኩላሊት መድኃኒት ሊገዛ ነው እንጂ ሌባ መስሎህ ነው?»

«አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ከጽላቷ ላይ የንጉሡ ስም ያለበት ጥግ ተሰብሯል። የቀረው ይነበባል፦ «በአሥራ አራተኛው ሌሊት ጨረቃ ጨለመች፤ እንደ ጨለመች ጠለቀች። አጥቢያ ኮከብ ወጥታ ነበር። ገብስ ተወደደ።» የንጉሥ ስም ቢጠፋም ሰማዩ አለ። ወደ ኋላ እያሰላሁ ሌሊቷን አገኘኋት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏታል፤ ወሯና ቀኗ ሳይቀር ታወቀ። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴም አፈርኩ። ከዚያ፣ «ሐሰተኛ ናት፤ እንዲህ ያለ ግርዶሽ አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ።

ችሎት ፊት ምዬ ይህንኑ ደገምኩ። ኻለፍ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሟል፤ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። አየኝ፣ ገባው፣ አቀረቀረ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

«እንግዲያው ትሰበር» አሉ ዳኛው።

ሐሰተኛ ቅርስ እዚያው ችሎት ፊት እንደሚሰባበር አውቅ ነበር፤ በጭንቀት ረሳሁት። ፖሊሱ መዶሻ አነሳ። እኔ አላስቆምኩትም። አንዴ ሰውየውን መርጫለሁ።

«እጅህ ይቆረጥ!» ብሎ ኻለፍ ጮኸ። «እንዳትነካት!»

«ዝም በል፣ ሽማግሌ! ሐሰተኛ ናት ተብሏል» አለው ፖሊሱ።

«ይህ ኡስታዝ፣ አስተማሪዬ፣ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው፣ አላህ ይስጠው። ካላመኑኝ ይላሷት፣ ክቡር ዳኛ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ሳቁ! የትናንት ጭቃ ጨው ጨው አይልም። ጨው የሚገባው አፈር ውስጥ ስንት ዘመን ተኝቶ ነው። አባቴም በምላሱ ነበር የሚለየው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ይቺ ምልክት ጨረቃ አይደለችም? ያቺስ፣ ጨለመች አይደለችም? ዓይንህ እያየ ታሰብራታለህ?»

ዳኛው ጽላቷን አንስተው ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ጠርዟን በምላሳቸው ጫፍ ነኩ። አሁን የሳቀ የለም።

«ምለዋል» አሉኝ። «ዳግም እጠይቅዎታለሁ።»

ኻለፍ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጽላት ሲያቀብለኝም፣ «ያዝካት?» ለማለት እንደዚያው ነበር የሚነቀንቀው።

«እውነተኛ ናት» አልኩ።

እኔን ገሥጸው ለቀቁኝ።

ጽላቷ ዛሬ ሙዚየማችን ውስጥ መስታወት ሥር ናት። ዓመቷን፣ ወሯንና ሌሊቷን ከሥሯ በእጄ ጽፌያለሁ። ኡም ሙጥላቅ የባሏ አስከሬን አልተሰጣትም። ሦስት ዓመት ሙሉ የእስር ቤቱን በር ብትመላለስ፣ የተሰቀለበትን ቀን እንኳ የነገራት የለም። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች።

«የዚህችን ቀን በምን አወቅከው?»

«በሰማዩ።»

«የእሱንም አስላልኝ እንግዲህ። በየትኛው ቀን ለሙት ዓመቱ ፋቲሓ እንደማስቀራለት አላውቅም።»

«አልችልም፣ እህቴ» አልኳት።