ሰማንያ ቀን እስኪሞላት

ልጄ ሮሐ በሃያ አምስተኛው የእርግዝና ሳምንት ተወለደች። ሳንባዋ ስላልጠና ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ከተው ቬንቲሌተር የሚባል መተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጓት። ማሽኑ ሲሠራ ትንሿ ደረቷ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ኮሮና ነውና በአንድ ጊዜ አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚገባው፤ ጠዋት ባለቤቴ ሳምራዊት፣ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና ሳቆም ውዬ ከሺፍት ስወጣ ደግሞ እኔ።

በስድሳ ስምንተኛው ቀን ሐኪሟ ሁለታችንን በስልክ አገኘችን። ማሽኑን ከዚህ በላይ ከፍ ቢያደርጉት ሳንባዋ እንደሚቀደድ ነገረችን። ለመሰናበቻ አብረን መግባት፣ የሃይማኖት አባትም ማስገባት ይቻላል፤ ለዚህ ግን ሁለታችንም መፈረም አለብን።

«ግዛቸው፣ አሁኑኑ የንስሐ አባታችንን አባ ተስፋሚካኤልን ኮል አድርጋቸው» አለች ሳምራዊት። «በጠብታም ቢሆን ያጥምቁልኝ።»

«ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ብትጠብቂ ምን አለበት?»

«ለታመመ ልጅ እኮ ቀን አይቆጠርም! ራሳቸው ነግረውኛል።»

«ሐኪሟ ለመሰናበቻ ስትል አልሰማሽም? እኔ በገዛ ልጄ ላይ አላሟርትም። አልፈርምም።»

ለመነችኝ፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። እኔ ደግሞ አንዴ እንቢ ካልኩ አልኩ ነው። ሰማንያውን ቀን ከጠበቅሁላት የምትደርስበት መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴን እምነት ብዬ ጠራሁት።

በሰባ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሳምራዊት ሥራ ቦታ ደወለች። «ኦክስጅኗ እየወረደ ነው። ፈርም!» የእንግዳውን ቁልፍ ለጓደኛዬ ወርውሬ በስልኬ ፈረምኩ። አባ ተስፋሚካኤልም ከሚኖሩበት ከግሪን ቫሊ ሰፈር ተነሡ። በሩ ላይ ተገናኝተን፣ እሳቸው በቀሚሳቸው ላይ የሆስፒታሉን ጋውን ደርበው፣ አብረን ገባን።

ማሽኑ ጠፍቷል። ሳምራዊት ልጃችንን አቅፋለች። ፊቷን ያለ ቱቦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አፍንጫዋ ቁርጥ የእናቷ ነው።

«አባ፣ ገና ትሞቃለች» አልኩ። «ይድረሱልኝ፣ ያጥምቁልኝ።»

አባ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ ለሞተ ጥምቀት የለም።»

«ፍትሐትስ፣ አባ?» አለች ሳምራዊት።

«ላልተጠመቀ ፍትሐትም የለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳምራዊት እኔን አላየችኝም። ልጇን እንዳቀፈች ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የገደላት ሳንባዋ ነው። ያለ ጥምቀት የሸኘኋት ግን እኔ ነኝ።